የሌለ ሞት

ለይላ ቁልፉን ተጫነች። ላፕቶፑ ትንሽ ቆየና ከስክሪኑ ግርጌ ጻፈ፤ «የተላከ፦ 3። የደረሰ፦ 3።»

ግንባሯን ቋጠረች። ሦስቱም «አልደረሰም» ይላል ብላ ነበር የጠበቀችው። ቁጥሮቹ የፈጠራ ናቸው ተብላለች። የሌለ ስልክ እንዴት አድርጎ መልእክት ይደርሰዋል?

ያን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ ስልክ ጮኸ። የእናቷ ስልክ አይደለም። አጭር፣ ሁለት ጊዜ የሚያንኳኳ ድምፅ ነው። ካለፈው ረመዳን ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

«ለይላ!» አለች እናቷ ዘይቱና። «እስቲ ነይ። የአባትሽ ስልክ ጮኸ።»

ለይላ ተነሣች። አባቷ ሀፊዝ ከሞተ ሰባት ወር አልፎታል። ስልኩን ግን እናቷ ባትሪው በደከመ ቁጥር ቻርጅ ታደርገዋለች። ለምን እንደሆነ ለይላ ጠይቃት አታውቅም። ዘይቱናም ተናግራ አታውቅም።

ዘይቱና ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊደል የቆጠረችው በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ያለ መነጽር አይሆንላትም። ስልኩን ለልጇ ዘረጋችላት። «ምን ይላል?»

ለይላ አነበበች። በልቧ ነው ያነበበችው። ቃላቱን ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ ከደቂቃዎች በፊት ራሷ ጽፋቸዋለች። «የቅሬ ጥሪ። አቶ ወልደ ሚካኤል አርፈዋል። ቀብራቸው ነገ ጠዋት ከላይኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። አቶ ሀፊዝ፣ ዶማ ይዘው ለቁፋሮ ይድረሱ።»

«ማስታወቂያ ነው፣ እማ።»

«የምን?»

«የካርድ። ቦነስ ምናምን ይላል።»

ዘይቱና ስልኩን ተቀበለች። መስታወቱን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። «ደግ» አለች። «እነሱ እንኳን አልረሱትም።»

ለይላ ወደ ላፕቶፗ ተመለሰች። መልእክት የተላከላቸውን ሦስት ስሞች አወጣች። በፊደል ተራ ነው የተሰለፉት። ሀፊዝ። ሂሻም። ሊድያ። ሦስቱም የሰፈሯ ሰዎች ናቸው። ከአባቷ ስም ትይዩ፣ «ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ሥር፣ «በሕይወት ያለ» ተብሎ ተጽፏል።

ዓይኗን ከዚያ መስመር ማንሣት አቃታት።

ቅሬው የሰፈሩ የቀብር ዕድር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀበረው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይጠራል። ወንዱ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ሴቷ ለሐዘንተኛው ቤት እህልና ውሃ ታደርሳለች። የክርስቲያኑን ጉድጓድ እስላሙ ይቆፍራል፤ የእስላሙን ቃሬዛ ክርስቲያኑ ይሸከማል። እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው። ታዲያ በየደጁ እየዞረ ሞት የሚለፍፈው ሰው አረጀ፤ የደሴ ዳገት አሸነፈው። የቅሬው ዳኛ ሼህ ዘይኑልአቢዲን የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር ክበብ ልጆች አስጠሩና፣ «በስልክ የሚጠራ ነገር ልትሠሩልን ትችላላችሁ?» አሏቸው። የአባላቱም ስምና ስልክ ተሰጣቸው። ይህ የሆነው አምና ነው። አምና ሀፊዝ በሕይወት ነበር።

ከክበቡ ልጆች ለይላና ኪዳኑ ሥራውን ያዙት። ሁለቱም ዐሥራ አንደኛ ክፍል ናቸው፤ ግድግዳ የሚለያቸው ጎረቤቶችም ናቸው። ለይላ የጥሪውን ገጽ ሠራች። የአባላቱ ስም የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ኪዳኑ ያዘ። እሷ ግን አንድ ነገር አልገባትም። እሱ ቤት ሲሞክሩ ሁሉም ነገር ይሠራል። ዳታቤዙን ወደ እሷ ላፕቶፕ እናምጣው ስትል ምክንያት አያጣም።

«ያንቺ ላፕቶፕ አይችለውም ባክሽ። ይነድብሻል።»

«ሞክረኸዋል?»

«ሳይሞከር ያስታውቃል እኮ። ፋራ አትሁኚ።»

አንድ ቀን እንዲህ፣ ሌላ ቀን «ፋይሉ ጠፋብኝ»፣ ሌላ ቀን ደግሞ «ነገ»። የቅሬው ስብሰባ ደረሰ። በዚያ ቀን ሥራቸውን በሽማግሌዎቹ ፊት ማሳየት አለባቸው። ለይላ ነገሩን አሰላሰለችና አንድ መልስ ብቻ አገኘች፤ ብቻውን ሊያቀርበው ፈልጎ ነው። ቂም ያዘች። ለእሱ ግን አልነገረችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ክበቡን አልፎ አልፎ የሚያግዘው ምንይሉ እዚያ ነው የሚሠራው። ከነሱው ትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ነው፤ ከደረቅ ወደቡ መንገድ ዳር ኮምፒውተር ይጠግናል።

«ደሴዎች» አላት፣ ሹራቧን ስታወልቅ አይቶ። «ሐረጎን ካለፋችሁ በኋላ እንደ ቅቤ ነው የምትቀልጡት።»

«ቀልዱን ተወውና ዳታቤዙን በኔ ላፕቶፕ አስነሣልኝ፣ ጋሼ። አይችልም ተብዬ ነው።»

ላፕቶፑን ከፍቶ አየው። «ማን ነው አይችልም ያለሽ? ከኔው ይሻላል እንጂ።»

ለይላ ጥርሷን ነከሰች።

ምንይሉ ዶከር የሚባለውን ፕሮግራም ጫነላትና በእጁ ወደ መንገዱ ማዶ አመለከተ። አሮጌ የዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር በር ተቀዶለት ሱቅ ሆኗል። «ያንን ታያለሽ? መደርደሪያው፣ መብራቱ፣ ሚዛኑ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። ክሬን አንሥቶ ሐይቅ ከተማ ወስዶ ቢያስቀምጠው ያው ሱቅ ነው። መሬቱም እንደነበረ ይቀራል። አንቺም ዳታቤዙን እንደዚያ በኮንቴይነር ነው የምታስቀምጪው። ላፕቶፕሽ ውስጥ ነው፤ ከላፕቶፕሽ ጋር ግን አይደባለቅም። ብታበላሺው ትጥይውና ሌላ ታስነሻለሽ።»

«ውስጡ የጻፍኩትስ?»

«ውጭ ማስቀመጫ ካላበጀሽለት አብሮ ይጣላል። በተነሣ ቁጥር ከመነሻ ፋይሉ ነው የሚነሣው። መነሻ ፋይሉ ላይ ያለው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ በእጅሽ ያስተካከልሽው ይጠፋል።» ላፕቶፑን ወደ እሷ መለሰው። «ስለዚህ ከማስነሣትሽ በፊት ያንን ፋይል ክፈቺና አንብቢው። እውነተኛ ስም፣ እውነተኛ ስልክ አይገባበትም። የልምምድ ቤት ነው። በልምምድ ቤት ሰው አይኖርም።»

«እሺ» አለች።

ፋይሉ ከእጇ ነበር። ከክበቡ ፍላሽ ለኪዳኑ ሳትነግረው ገልብጣዋለች። ወደ ደሴ ስትመለስ ያሰበችው ስለ ኪዳኑ ብቻ ነው። «ቻለልህ፤ ላፕቶፔ ቻለልህ» የምትለውን በሆዷ እያዘጋጀች መጣች። ቤት ገብታ ኮንቴይነሩን አስነሣችው። ተነሣ። ለጥሪ መላኪያ ክበቡ የሚጠቀምበት ስልክ በዚያ ሳምንት እሷ ዘንድ ነበር፤ ሲም ካርዱ የኪዳኑ ነው። ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘች። የሌለ ሰው ስም ጻፈች፤ ወልደ ሚካኤል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ብቻ እንዲልክ አዘዘችው። ቁልፉን ተጫነች።

ፋይሉን ግን ከፍታ አላነበበችውም።

አሁን ለኪዳኑ ጻፈችለት። «ፋይሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች የሰው ናቸው እንዴ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ምን አደረግሽ?»

ያደረገችውን ጻፈችለት። ቆየ። ከዚያ፣ «ምንም አትንኪ። እኔ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ላከላት።

ለይላ አመነችው። ማመን ቀለላት።

ኪዳኑ ጠዋት መጣ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ወደ ውስጥ አልገባም፤ በሩ ላይ ቆመ።

«ሊድያን ማታውኑ ደውዬ አገኘኋት» አለ። «ሰደበችኝ፤ ግን ነገሩ ገባት። ጋሽ ሂሻም ከዒሻ ሶላት በኋላ ስልካቸውን ያጠፋሉ። ጎህ ሳይቀድ እደርስባቸዋለሁ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ወጥተዋል።»

«የት?»

«የት ይመስልሻል? ሊቆፍሩ ነዋ!»

ጋሽ ሂሻም ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው። በጭጋጉ ውስጥ ዶማቸውን ተሸክመው ዳገቱን ወጥተዋል። ኪዳኑ ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ዘበኛው አጠገባቸው ቆሟል። «የሞተ የለም እያልኩዎት፣ አባባ» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ፣ «ቅሬ ጠርቶኝ ነው የመጣሁት። ቅሬ አይዋሽም» ይሉታል።

«ምን አልካቸው?» አለች ለይላ።

«እኔ ነኝ የላክሁት አልኳቸው።»

«ኪዳኑ!»

«ምን ልበል? ሲም ካርዱ የኔ ነው። የኔ ስም ነው የሚወጣው። ለሼህ ዘይኑልአቢዲንም ነግሬያቸዋለሁ። ከሰዓት ስብሰባው ላይ ይታያል ብለዋል። በቃ፣ አለቀ።»

«የላክሁት እኔ ነኝ እኮ።»

«አቦ ለይላ፣ ነገር አታብዢ። አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ።»

«ሐዘን ላይ ነሽ እያልክ ስንት ነገር ደበቅኸኝ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። ወደ ቤት ዘወር ብላ አየችና ዝቅ አደረገችው። «ላፕቶፕሽ አይችልም አልከኝ። ቁጥሮቹ የፈጠራ ናቸው አልከኝ።»

«በኔ ኮምፒውተር የፈጠራ ናቸው! ባስነሣሁት ቁጥር እቀይራቸዋለሁ። በእጄ።»

«ለምን ከፋይሉ አንዴ አትቀይራቸውም?»

ኪዳኑ በጫማው አፍንጫ የበሩን ድንጋይ ገፋ ገፋ አደረገ።

«ባስነሣሁት ቁጥር ጋሽ ሀፊዝ ይመጣሉ» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያው መስመር ላይ። በሕይወት ያለ ይላል። እኔ አወጣቸዋለሁ። በነጋታው ስከፍተው ደግሞ አሉ። አንቺ እንድታይው አልፈለግሁም። ለዚያ ነው ላፕቶፕሽ አይችልም ያልኩት።»

«ከፋይሉ ብትሰርዘው አይመለስም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ፋይሉን እከፍተዋለሁ። ስማቸው ጋ እደርሳለሁ። እዘጋዋለሁ።» ትከሻውን ሰበቀ። «ቃሬዛቸውን ተሸክሜያለሁ እኮ። ያ አልከበደኝም። ይኼ ነው ያቃተኝ። እሳቸውን የምሰርዝ እኔ ማን ነኝ?»

ለይላ የያዘችው ቂም የት እንደገባ አላወቀችም። ባዶ ቦታው ብቻ ተሰማት።

ቅሬው አንድ የቆየ ሕግ አለው። ሲሠራበት ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ የማያውቀው ግን የለም። የሌለ ሞት የጠራ ቤት፣ ዓመት ሙሉ ሞቱ አይጠራለትም። ዶማ አይወጣለትም። ቃሬዛ አይሰጠውም። ከኪዳኑ ቤተሰብ በሕይወት ያለችው አያቱ ብቻ ናት፤ እማማ አባይነሽ። ከአልጋ ከዋለች ቆየች። ቄሱ መጥተው አቁርበዋታል።

«እማማ አባይነሽስ?» አለችው።

«ልጅ ነው ብለው ይምሩኛል።»

«ካልማሩህስ?»

ኪዳኑ አንገቱን ደፋ። «ካልማሩኝ ሌላ ነው» አለና ሄደ።

ለይላ ወደ ቤት ስትገባ የአባቷ ዶማ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። ዛቢያው ተጠርጓል። ዘይቱና መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች።

«ትናንት ከተኛሽ በኋላ አነበብኩት» አለች ዘይቱና።

ለይላ ባለችበት ቆመች።

«ማስታወቂያ አይደለም። ሀፊዝን ነው የጠሩት። በስሙ ነው የጠሩት።» ዘይቱና ስትናገር ልጇን አላየቻትም። «ሴት አትቆፍርም። ዶማውን ማድረስ ግን ይቻላል። ጥሪ ደርሶት የቀረ ቤት እንዳይባል አንቺ ሳትነሺ ይዤለት ወጣሁ። ከመታጠፊያው ላይ ጋሽ ሂሻም ሲመለሱ አገኘኋቸው። የሞተ የለም አሉኝ። ኪዳኑ ነው የላከው አሉኝ።»

«ኪዳኑ አይደለም፣ እማ። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻት። ኮምቦልቻን፣ ኮንቴይነሩን፣ ሳታነበው ያስነሣችውን ፋይል። ኪዳኑ ለምን እንደዋሻትም ነገረቻት። ዘይቱና ሳታቋርጥ ሰማች። ስለ ሕጉ ግን ለይላ ማንሣት አላስፈለጋትም።

«የኛ ቤት በቅሬው የሀፊዝ ቤት ነው» አለች ዘይቱና።

እውነቷን ነው። በቅሬው ዘንድ ቤት የሚጠራው በአባሉ ስም ነው። ሀፊዝ ከተቀበረ በኋላ ሼህ ዘይኑልአቢዲን መጥተው፣ «ስሙን ወደ አንቺ እናዙረው፣ ዘይቱና» ብለዋት ነበር። «ይቆየኝ» አለቻቸው። ቆየላት። ዳግመኛ አላነሡባትም። ሐዘንተኛን አያስቸኩሉትም።

«ተነሥተሽ እኔ ነኝ ያልሽ እንደሆነ፣ የሀፊዝ ቤት የሌለ ሞት ጠራ ይባላል። ከቀብር ቀርቶ የማያውቅ ሰው። ታሞ እንኳን ዶማውን በሰው የሚልክ ሰው።»

«ዝም ልበል?»

«አላልኩም።»

«ኪዳኑ ቤት የሚሞት ሰው አለ፣ እማ።»

«አውቃለሁ። ትናንት ነው ገላዋን ያጠብኳት።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

ዘይቱና መነጽሯን አወለቀች። ዓይኖቿ ያለ መነጽሩ ትንንሽ ሆነው ታዩ። «እኔ መናገር ያቃተኝን ነገር አንቺን ተናገሪ አልልሽም» አለች። «አንቺ የተናገርሽውን ግን እሰማለሁ።»

ለይላ ወደ ላፕቶፗ ሄደች። መነሻ ፋይሉን ከፈተችው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ደረሰች። ጣቷን ከቁልፉ በላይ አቆየች። ቆይታ፣ ዘጋችው። ያን ጊዜ ኪዳኑ ያላት ነገር ገባት።

የቅሬው አዳራሽ ቆርቆሮ ቤት ነው። በአንድ ጥግ ትልልቅ ድስቶችና ቃሬዛው ተቀምጠዋል። ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሽ ሂሻም» አለ አንድ ወፍራም ጎልማሳ፣ «ጉድጓዱን ለማን ቆፈሩት ታዲያ?»

«ላንተ ለክቼ ነበር» አሉ ጋሽ ሂሻም። «ቦርጭህ አልገባ ብሎኝ ተመለስኩ።»

ሳቅ ሆነ። ሊድያም ከሴቶቹ መሃል፣ «እኔማ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልወጣ ስል ነው የተደወለልኝ» አለች። አሁንም ሳቁ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ ሲያደርጉ ዝም ሆነ። ዱዓ አደረጉ። የክርስቲያኖቹም ሽማግሌ መረቁ።

«ትናንት በቅሬው ስም ጥሪ ወጥቷል» አሉ ሼሁ። «ሞት ግን የለም። አልሐምዱሊላህ የለም። ቢሆንም ይነገር። ሂሻም፣ የተበደልኸው አንተ ነህ፤ ተናገር።»

ጋሽ ሂሻም እየተደገፉ ተነሡ። ቀልዳቸው ከፊታቸው ጠፍቷል።

«ዳገት ወጣሁ ብዬ አይደለም» አሉ። «ዳገቱን ለምጄዋለሁ። ከእንግዲህ ግን ቅሬ ሲጠራኝ፣ እውነት ይሆን ብዬ መጀመሪያ ልቆም ነው። ሬሳው ቤት ተጋድሞ እኔ ሰው ልጠይቅ ነው። የከፋኝ ይኼ ነው።» ተቀመጡ።

ለይላ ከሴቶቹ ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ላፕቶፗን ታቅፋዋለች። ዛሬ ሊያሳዩት የነበረው ሥራ ነው። ማንም አልጠየቃቸውም።

«ልጁ ይነሣ» አሉ ሼሁ።

ኪዳኑ ተነሣ። ጫማውን አጥቦታል።

«በቅሬ ፊት የሚናገር ቤቱን ይናገራል። የማን ቤት ነህ?»

«የአባይነሽ ቤት።»

በሴቶቹ በኩል ሹክሹክታ ሆነ። «ኧረ በማርያም» አለች አንዲት ሴት ቀስ ብላ። ሕጉን የሚያውቅ ሁሉ የአባይነሽን አልጋ አሰበ። ሼሁም አሰቡት መሰል፣ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ጥሪውን የላክኸው አንተ ነህ?»

ኪዳኑ አፉን ከፈተ።

«እኔ ነኝ» አለች ለይላ።

መነሣቷን ያወቀችው ከተነሣች በኋላ ነው። ራሶች ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ።

«ለይላ፣ ቁጭ በይ» አለ ኪዳኑ በጥርሱ መሃል። ወደ ሼሁ ዞረ። «አትስሟት። ሐዘን ላይ ናት።»

«የላክሁት እኔ ነኝ» አለች ደግማ። «ስልኩ እኔ ጋ ነበር። ለልምምድ ብዬ ነው። ሳላነብ ነው ያስነሣሁት። ኪዳኑ ያለ ጥፋቱ ነው የቆመው።»

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ትኩር ብለው አዩዋት። ያውቋታል። ስትወለድ ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ አባቷንም መቃብር ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ሰው የሚያውቀውንም ይጠይቃል።

«በቅሬ ፊት የሚናገር ቤቱን ይናገራል» አሉ ቀስ ብለው። «የማን ቤት ነሽ?»

ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስትመልስ ኖራለች። ወፍጮ ቤት፣ ሱቅ፣ ሰርግ ቤት፣ የትም። ምላሷ መልሱን ሳይታዘዝ ያውቀዋል። ሀፊዝ ብላ ልትጀምር ትንፋሿን ሳበች። ያን ጊዜ አባቷን አሰበችው። ዶማውን በትከሻው አድርጎ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሲወጣ አየችው። ይህን ጥፋት እሱ ላይ ልትጭነው ነው? እሱ እኮ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ተነሥቶ «ልጄ ናት፣ ማሩልኝ» ሊል አይችልም። ከእንግዲህ በስሙ ሊጠራ፣ በስሙም ሊወቀስ አይችልም።

ወደ እናቷ አልዞረችም። ከዞረች እንደማትናገር አውቃለች።

«የዘይቱና ቤት ነኝ» አለች።

ከወንዶቹ አንዱ፣ «ረሒመሁላህ» አለ፤ ቀብር ላይ እንደሚባለው። ሌሎችም እየተከተሉ አሉት። ክርስቲያኖቹ፣ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሀፊዝ ዛሬ የሞተ ያህል ነበር።

ከፊት ለፊት አግዳሚው ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ዘይቱና ተነሥታ ቆመች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። አልተቀመጠችም።

ሼሁ እናቲቱን አዩ፣ ልጂቱን አዩ። ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ኪዳኑ፣ ተቀመጥ» አሉ። «የዘይቱና ቤት ይናገር።»

ለይላ ላፕቶፑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ፊት ወጣች።